ክፈፍ፣ ቀፎ ወይስ መዋቅር? የትንሽ በራሪ «ፍሬም» ስያሜ ከሰሜን ወሎ የቃላት ታሪክ አንጻር

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንግሊዝኛ «ፍሬም» የሚባለው ቃል፣ በካሜራ ዐይን እየታየች ለምትነዳ ትንሽ ሰው አልባ በራሪ ሲነገር፣ በአማርኛ ምን ሊባል እንደሚገባው ከቃላት ታሪክ ተነሥቶ መመርመር ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ መጫወቻ የመሰለች የአንዲት ዕቃ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የስያሜ ስሕተት ከመዝገበ ቃላት ገጽ አልፎ ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ጸሐፊውን አላጋጠመውም።

የሀብሩ ወረዳ ተወላጅ የሆነ አንድ ወጣት ተርጓሚ፣ በወልድያና በመርሳ አካባቢ ለሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች እንዲሆን ከእንግሊዝኛ የመለሰውን አጭር መመሪያ ለእርማት አምጥቶ ነበር። መመሪያው ለትንሽ በራሪ ጠንካራና ዘላቂ «ፍሬም» እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዳል። በረቂቁ ውስጥ ይኸው አንድ ቃል በአንዱ ገጽ «ክፈፍ»፣ በሌላው «ማዕቀፍ»፣ በሦስተኛው «ቀፎ» ተብሏል። ይህ በእርማት የሚስተካከል ነው። የሚያስደነግጠው በመጨረሻው ገጽ የሰፈረው የዕቃ ዝርዝር ነበር። ሞተሮቹን የሚሸከሙት አራት ክንዶች በእንግሊዝኛ «አርምስ» ስለሚባሉና ቃሉ የጦር መሣሪያ ማለትም ስለሚሆን፣ ተርጓሚው «አራት ተለዋጭ የጦር መሣሪያዎች» ብሎ መልሶት ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ወረቀት ከዕቃው ጋር ይዘህ ኬላ ላይ ብትፈተሽ ምን የሚሉህ ይመስልሃል?» ብሎ ጸሐፊው ቢጠይቀው፣ ወጣቱ ዝርዝሩን ደግሞ አነበበና «ጋሼ፣ ይኼማ አያስተርፈኝም» አለ።

በሀገራችን ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ሰሜን ወሎ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ጦርነት ያለፈበት ምድር ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ክንድን መሣሪያ ብሎ መጻፍ የሰዋስው ግድፈት ብቻ ሆኖ አይቀርም። እንግዲህ ትክክለኛዎቹን ቃላት ከየት እናመጣለን? የጸሐፊው መልስ፣ አብዛኞቹ ከሀብሩ ጎጆና ከሀብሩ ሞፈር አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁናል የሚል ነው።

2. የዙሪያ ቃልና የውስጥ ቃል

የእንግሊዝኛው «ፍሬም» ራሱ የአናጢ ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ግሡ እንጨትን ለቤት ሥራ ማሰናዳት፣ ጠርቦ ማጋጠም የሚል ፍቺ ነበረው። ከዚያ በኋላ ፍቺው በሁለት አቅጣጫ ሰፋ። በአንድ በኩል አንድን ነገር ከውስጥ ሆኖ የሚሸከመው አጥንት «ፍሬም» ተባለ። በሌላ በኩል አንድን ነገር ከውጭ የሚከበው ጠርዝ፣ ለምሳሌ የሥዕል ዙሪያ፣ በዚሁ ስም ተጠራ። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠራ አማርኛ ግን ከጥንት ጀምሮ ለይቷቸዋል።

«ክፈፍ» ከፈፈ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ጠርዝን፣ ዳርን፣ ዘርፍን ያመለክታል። «ማዕቀፍ» ከዐቀፈ የመጣ ስለሆነ በዙሪያ ሆኖ የሚይዝ ማለት ነው፤ ዛሬ በሕግና በፖሊሲ ጽሑፎች የሚሠራበትም በዚሁ ስሜት ነው። ሁለቱም የዙሪያ ቃላት ናቸው። በአራት ክንድ ቆማ ሞተሮቿን፣ ካሜራዋንና ባትሪዋን ለምትሸከም በራሪ ግን «ፍሬሙ» በመካከል ያለ እንጂ በዙሪያ ያለ አይደለም። ስለዚህ «የበራሪዋ ክፈፍ» የሚለውን የሚያነብ ተማሪ በዕቃዋ ዙሪያ አንዳች ቀለበት ቢፈልግ አይፈረድበትም።

«ቀፎ» የተለየ ጉዳይ ነው። ቃሉ ከንብ ቤትነቱ ተነሥቶ ውስጡ ባዶ ለሆነ ማቀፊያ ሁሉ ስም ሆኗል። ሞተሩ የወጣለት መኪና ቀፎ ይባላል፤ የእጅ ስልክም ቀፎ አለው። ፕሮፔለሮቻቸው በፕላስቲክ ከበሮ ተከብበው በቤት ውስጥ ለሚበሩት እጅግ ትናንሽ በራሪዎች አካል ይህ ቃል በእውነት ይስማማል። ክንዶቹ ተዘርግተው ምንም ሳይሸፍኑ ለሚታዩበት ዓይነት ግን አይሆንም።

«አጽም» የውስጥ ቃል በመሆኑ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን በዛሬው አማርኛ አጽም ሲባል ከሁሉ በፊት የሚታወሰው የሞተ ሰው ቅሪት ነው። «የበራሪ አጽም» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ የወደቀችና የተቃጠለች በራሪ ስብርባሪ ሊመስለው ይችላል። ቃሉ በፍቺው ቢበቃም በሚያስከትለው ስሜት ይወድቃል።

3. የጎጆውና የሞፈሩ ቃላት

የሀገራችን የስያሜ ሥራ ሲከተለው የኖረ አንድ ቅደም ተከተል አለ። አስቀድሞ በአማርኛ ውስጥ ይፈለጋል፤ ከታጣ ወደ ግእዝ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ይኬዳል፤ በመጨረሻ የባዕዱ ቃል ከአማርኛ ድምፅ ጋር ተስማምቶ ይወሰዳል። ይህ ሥርዐት የተመሰገነ ቢሆንም በአፈጻጸም ላይ አንድ ጉድለት ታይቶበታል። «በአማርኛ መፈለግ» ሲባል ብዙ ጊዜ በመዝገበ ቃላት መፈለግ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም.)፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዛግብት ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን ቃላቱ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚከፋፈሉ የሚያስተምረው ቤቱን የሠራው ሰው ነው።

በሀብሩ ቆላማ ቀበሌ ጎጆ ሲሠራ ቋሚዎች በክብ ይተከላሉ። ማገር በአግድም ያያይዛቸዋል፤ ልጥ ወይም ጠፍር ማገሩን ከቋሚው ጋር ይጠፍራል። ምሰሶ በመካከል ይቆማል፤ ወጋግራ ጣራውን ይደግፋል፤ ክዳን ከላይ ይለብሳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው እያንዳንዱ ቃል የዕንጨቱን መልክ ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ መሰየሙ ነው። ያው አንድ ዕንጨት ተተክሎ ሲቆም ቋሚ፣ ተጋድሞ ሲያያዝ ማገር ነው። ሌላም ትምህርት አለው። የቋሚው እግር በምስጥ ሲበላ ባለቤቱ ማገሩን ጥቂት አላልቶ ያንኑ አንድ ቋሚ ነቅሎ ይተካል እንጂ ቤቱን አያፈርስም። ጎጆው የተሠራው በክፍል እንዲታደስ ሆኖ ነው።

የእርሻው ዕቃም እንዲሁ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ፣ ምራን እያልን የምንቆጥራቸው ቃላት አንድን ዕቃ በሚለያዩና በሚተካኩ ክፍሎቹ የሚጠሩ ናቸው። ማረሻው ሲደንዝ ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል፤ ድግሩ ቢሰነጠቅ ሌላ ይጠረባል፤ ሞፈሩ ግን በዚያ ምክንያት አይጣልም። ሞፈር ቆራጭ ደግሞ ዛፍ ሲመርጥ ውፍረቱን ብቻ አያይም። የዕንጨቱ ጅማት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ እንዲሄድ ይፈልጋል፤ ጅማቱ በአግድም የተቆረጠ ዕንጨት በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ እንደሚሰበር ያውቃልና። ይህ የጅማት ነገር ወደ በራሪዋ ስንመለስ ያስፈልገናል።

4. ወጥና ግጥም

ሰሜን ወሎ ከጎጆው ሌላ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ የግንባታ ጥበብም የያዘ ምድር ነው። ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ሲነገር ሁልጊዜ የሚሰማው አገላለጽ «ከአንድ ወጥ አለት» የሚል ነው። «ወጥ» ያልተቀጠለ፣ ያልተገጠመ፣ አንድ ሆኖ የተገኘ ማለት ነው።

እነዚህ ሕንፃዎች «ውቅር» ይባላሉ፤ ወቀረ ድንጋይን መፈልፈልና መጥረብ ነውና፤ ወፍጮም ሲልም ይወቀራል። በሌላ በኩል የጣራን ዕንጨት ማጋጠምና ማቆም «ማዋቀር» ይባላል፤ ዛሬ በሥነ ልሳን፣ በምሕንድስናና በአስተዳደር የምንሠራበት «መዋቅር» የሚለው ቃልም ከዚሁ ከአናጢው ቤት የወጣ ነው። «ውቅር» እና «መዋቅር» በሥረ ፊደላቸው አንድ ናቸው፤ ወ፣ ቀ፣ ረ። አንዱ ከአንድ አካል ቀንሶ የሚገኘውን፣ ሌላው ብዙ አካል አጋጥሞ የሚገኘውን ቅርጽ ያመለክታል። የአማርኛ የግንባታ አስተሳሰብ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ሥር ሥር አሰባስቦ ይዟቸዋል ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ የሚታየው ጉዳት በደረሰ ጊዜ ነው። ወጥ የሆነው ሕንፃ መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም፤ ጥንካሬው ከዚሁ ነው። አለቱ ከተሰነጠቀ ግን የተሰነጠቀውን ምሰሶ አውጥቶ ሌላ መትከል አይቻልም። ላሊበላ ላይ ከአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት በላይ ከዝናብ የሚከልል ታላላቅ መጠለያ እስከ መሥራት የተደረሰውም ስለዚህ ነው። ጎጆው በተቃራኒው በየመጋጠሚያው የሚላላ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ይታደሳል። የመጀመሪያው ጽናት ባለመሰበር፣ የሁለተኛው ጽናት በመጠገን ነው።

5. የመንገድ፣ የጋራዥና የአየር ቃላት

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣሊያ ወረራ ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ በወልድያና በደሴ በኩል የሚያልፈው መንገድ ለከባድ መኪና ተሠራ። ከመንገዱ ጋር የጥገና ቃላት ገቡ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ አርማታ የጋራዥና የግንባታ አማርኛ ሆኑ። ከጊዜ በኋላ የመኪናው ተሸካሚ ብረት «ሻንሲ» ተባለ። እነዚህን ቃላት በግእዝ ሥር ለመተካት መሞከር አሁን ዋጋ የለውም፤ የመርሳ መካኒክ ዳዶ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም። «አርማታ» የተገኘው «የታጠቀ» ከሚል የኢጣሊያ ቃል መሆኑም ከላይ ከጠቀስነው የትርጉም ስሕተት ጋር ይዛመዳል። በእንግሊዝኛ ክንድ ማለት የሆነው «አርም» ከጀርመናዊው ግንድ፣ የጦር መሣሪያ ማለት የሆነው ከላቲን የመጡ ሁለት ቃላት ሲሆኑ በድምፅ ገጥመዋል። የጥንቱ የኢንዶ-አውሮፓ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ፍቺውም መገጣጠም ነበር። ተርጓሚያችን የተሳሳተው እንግዲህ በእንግሊዝኛ ውስጥ ባለ በአሮጌ መንታ መንገድ ላይ ነው።

የአየር ቃላት ግን ከመንገዱ ቃላት ቀድመው ደርሰዋል። የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የወሎ ሕዝብ አይሮፕላንን በቦምብ ዐወቀው፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባትን ደሴን ደበደቡ። በዚያው ሰሞን፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በአዲስ አበባ የሠራት ባለ ሁለት መቀመጫና ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላን በረረች። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተብላ ተሰየመች፤ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበራት። ኢጣሊያኖች ማርከው ወሰዷት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ ተመለሰች። አስተውለን እንደሆነ ለአንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ፊት ተገኝቷል፤ በደሴ ሰማይ ላይ ሞት፣ በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ የእጅ ጥበብ። ይህ መንታነት ወደ ዛሬው ቃል ተላልፏል።

«ድሮን» በእንግሊዝኛ የወንድ ንብ ስም ነው፤ አማርኛ ድንጉላ የሚለው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1935 በሬዲዮ የሚመራውን የዒላማ አይሮፕላኗን «ንግሥት ንብ» ብላ ስትሰይመው፣ ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች የራሳቸውን «ድሮን» አሉት። ሰው አልባው በራሪ ከልደቱ ጀምሮ ከቀፎ ጎረቤት ነበር።

6. ዘላቂ መዋቅር የሚመረጥባቸው ነጥቦች

ስያሜ ከዕቃው አሠራር ተለይቶ ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ የትንሽ በራሪ መዋቅር ምርጫ ምን ምን እንደሚመለከት፣ ከላይ የሰበሰብናቸውን ቃላት እየሠራንባቸው በአጭሩ እናያለን።

ሀ. ልክ። የመዋቅሩ መጠን የሚወሰነው በፕሮፔለሩ ነው። ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር፣ ማለትም 12.7 ሴንቲ ሜትር የሚሸከም መዋቅር ከሞተር እስከ ማዶ ሞተር በሰያፍ ሲለካ ብዙውን ጊዜ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ክንዶቹም 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ። ለባለ 3 ኢንች ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክንድ ይበቃል።

ለ. ማቴሪያል። አብዛኞቹ መዋቅሮች ከካርቦን ፋይበር ዝርግ ይቆረጣሉ። ይህ ዝርግ እንደ ጥበብ ልብስ ድርና ማግ አለው። የተሸመነው የካርቦን ክር በሙጫ ተነክሮ፣ ንብርብር ሆኖ ተጨፍልቆ ይደርቃል። እንደ አርማታ መሆኑ ነው፤ ፌሮው መጎተትን፣ ሲሚንቶው መጨመቅን እንደሚችሉት ሁሉ፣ ክሩ ይሸከማል፣ ሙጫው ይይዛል። በብርቱ ሲመታ ንብርብሩ ከጠርዙ መላቀቅ ይጀምራል፤ ይህን ያሳየ ክንድ ሳይውል ሳያድር መተካት አለበት።

ሐ. የጅማት አቅጣጫ። እዚህ ላይ የሞፈር ቆራጩ ዕውቀት ይመለሳል። አራቱ ክንዶች ከመሐሉ ጋር ከአንድ ዝርግ በኤክስ ቅርጽ ሲቆረጡ፣ ድርና ማጉ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ክንዶቹ በሰያፍ ይወድቃሉ፤ ከክሩ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ክንድ ለብቻው ከተቆረጠ ግን ርዝመቱ ከክሩ ጋር እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል።

መ. ወጥ ወይስ ግጥም። ወጡ መዋቅር ብሎን ስለሚቀንስ ይቀላል፤ የሚላላ መጋጠሚያም የለውም። አንድ ክንድ ሲሰበር ግን ሁሉም ነገር ተፈትቶ አዲስ መዋቅር ይገዛል። በግጥሙ መዋቅር አራቱ ክንዶች በሁለት ዝርግ መካከል ተጣብቀው በብሎን ይታሰራሉ፤ ያያዛቸውን መስቀለኛ ዝርግ ማገር ማለት ይቻላል። የተሰበረው ክንድ ብቻ ወጥቶ ይተካል። በሚገዛበት ቦታ መለዋወጫው መኖሩ ከመዋቅሩ ብርታት እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ዕቃ ከሩቅ ተጠብቆ በሚመጣበት እንደ ወልድያ ባለ ከተማ አንድ ተለዋጭ ክንድ አስቀድሞ ማስቀመጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ውፍረት ይበልጣል።

ሠ. ማሰሪያ። የታችኛው ዝርግ ወለል፣ የላይኛው ክዳን፣ ሁለቱን የሚያራርቁት የአሉሚኒየም ዘንጎች ቋሚ ናቸው፤ የጎጆው ቃላት እንዳሉ ተሻገሩ። ባትሪውን ከክዳኑ ጋር የሚያስረው ጠፍር ይባላል። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ቀዳዳዎች በ30.5 ወይም በ20 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ለባለ 5 ኢንች የሚሆኑ ሞተሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ16 ሚሊ ሜትር ልዩነት ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ብሎን ይታሰራሉ። እነዚህ ልኮች ካልተጣጣሙ የቱም ጥንካሬ አይጠቅምም።

ረ. ግትርነትና ክብደት። ክንዱ የሳሳ ከሆነ በሞተሩ ዙረት ይንቀጠቀጣል፤ ሚዛን ጠባቂው መሣሪያ ንቅጥቅጡን እንደ እውነተኛ እንቅስቃሴ ይቈጥረዋል። እጅግ የወፈረ ደግሞ ይከብዳል። ወልድያ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ያንሳል ማለት ነው። ለባሕር ዳርቻ የተጻፈን የክብደት ምክር እንዳለ መተርጎም ለወልድያ አይበጅም።

ሰ. ጥንቃቄ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የተላጠ ሽቦ ከነካው ይቃጠላል። የሬዲዮ ሞገድንም ይጋርዳል፤ አንቴና ከመዋቅሩ ውጭ መውጣት አለበት። ስለታም ጠርዙ ሽቦ ይቈርጣል፤ ስለዚህ በወረቀት ብርጭቆ ይለዝባል፤ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ዝርጉ በውኃ ርሶ ይሠራል።

ስለ ቅርጽ ስሞችም አንድ ቃል መጨመር ያሻል። ፕሮፔለሮቹ በካሜራው ፊት እንዳይታዩ የፊት ክንዶቹ ወደ ጎን የተዘረጉበትን ቅርጽ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የሞተ ድመት» ብለውታል። በረቂቁ ላይ ይህም ቃል በቃል ተመልሶ ነበር። በአማርኛ «ፊተ ሰፊ» ቢባል ቅርጹን ይነግራል፤ ድመቲቱንም ያሳርፋል።

7. የ«ድሮን» ስም ክብደት

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች፤ የሀብሩ ወረዳም የጦርነት ቀጠና ሆኖ ነበር። በዚያ ጦርነት የፌዴራሉ መንግሥት የታጠቁ ድሮኖችን ተጠቅሟል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጉዳት ያደረሱ የድሮን ጥቃቶችን ዘግቧል። ቃሉ በሕዝቡ ጆሮ የገባው እንግዲህ በዚህ በር ነው። ትርጉሙን ያላወቀ ሕፃን ድምፁን ያውቃል።

ስለዚህ የስያሜ ባለሙያ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። «ድሮን» የሚለውን ውሰት ማስቀረት አይችልም፤ ሰው ተቀብሎታል። ነገር ግን ሰብል ፎቶ የምታነሣ ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ዕቃና የታጠቀ ሰው አልባ አውሮፕላን በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ የመጀመሪያዋን የያዘ ልጅ በሁለተኛው ስም ሊጠየቅ ይችላል። የዕቃዋ ክፍሎች «ክንድ»፣ «ማገር»፣ «ቋሚ» ተብለው ሲጠሩ ግን ወረቀቱን የሚያነብ ሹም፣ ልጁን የሚጠይቅ አባት፣ ሁለቱም ምን እንደተያዘ ያያሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በዩክሬን ጦርነት እነዚህ በካሜራ ዐይን የሚነዱ ትናንሽ በራሪዎች ፈንጂ ተሸክመው ለአንድ ጉዞ ብቻ በብዛት ተሰልፈዋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚመረጠው መዋቅር ርካሽ መሆን እንጂ መጠገን አይጠበቅበትም፤ የማትመለስ በራሪ ተለዋጭ ክንድ ምን ያደርግላታል? የሚቆይ መዋቅር፣ የሚተካ ክንድ፣ ጠርዙ የለዘበ ዝርግ የሚፈልገው በራሪው ወድቃም ቢሆን ወደ እጁ እንድትመለስ የሚያስብ ሰው ነው። «ዘላቂ» የሚለው ቅጽል እንግዲህ በዚህ መመሪያ ውስጥ የጥራት ቃል ብቻ አይደለም፤ የዕቃዋን ዓላማም ይናገራል። ተርጓሚ ይህን ቅጽል አሳስቶ ወይም ዘልሎ ቢያልፍ የመመሪያው ሰላማዊነት የሚመሰከርበትን ቃል ጣለ ማለት ነው።

8. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ጸሐፊው የሚከተሉት ስያሜዎች ለተርጓሚዎች አገልግሎት እንዲቀርቡ ያሳስባል።

ለ«ፍሬም» በጠቅላላው፦ መዋቅር፤ ከአስተዳደር መዋቅር እንዲለይ ሲያስፈልግ የበራሪ መዋቅር።
ከአንድ ዝርግ ለተቆረጠው፦ ወጥ መዋቅር።
ክንዶቹ ለሚለያዩት፦ ግጥም መዋቅር።
ፕሮፔለሩን ለሚከብ የፕላስቲክ አካል፦ ቀፎ።
ሞተር ለሚሸከመው፦ ክንድ፤ መለዋወጫው ተለዋጭ ክንድ።
ክንዶችን ለሚያያይዘው፦ ማገር።
ለታችኛው ዝርግ ወለል፣ ለላይኛው ክዳን፣ ለሚያራርቃቸው ዘንግ ቋሚ።
ለባትሪ ማሰሪያ፦ ጠፍር።
ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ አንቴና እንዳሉ ይቀጥሉ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ቃል አለመኖሩን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። የተደረገው ቃላቱን ከነበሩበት ወደሚያስፈልጉበት ማሻገር ብቻ ነው። ተቃውሞ ሊቀርብ የሚችለው ምናልባት «ማገር» እና «ጠፍር» የገጠር ሽታ አላቸው፣ ለዘመናዊ ዕቃ አይመጥኑም በሚል ይሆናል። እንግሊዝኛም «ፍሬም»ን ያገኘው ከአናጢ እጅ መሆኑን ከላይ አይተናል፤ አናጢነቱ ሲያሳንሰው አላየንም።

ወጣቱ ተርጓሚ ረቂቁን አርሞ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ፣ በዕቃው ዝርዝር ላይ «ተለዋጭ ክንድ፣ 4» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሀብሩ ያሉት አባቱ መመሪያውን ሲያነብላቸው አዳምጠው «ታዲያ ይኼ ሞፈር ነዋ» እንዳሉት ነገረን። ለስያሜ ኮሚቴ ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያሻው አይመስለንም።